ሰታቴ ይዘው አዲስ አበባ የሄዱት እትዬ ዲንቂቱ

የእትዬ ዲንቂቱ ልጅ ላሊሴ ከኡካ የደወለችልኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ የሰማሁት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነበር።

“ሰኒ፣ እናቴ ዐረፈች” አለችኝ። “ትናንት ቀበርናት። ኔትወርክ ጠፍቶ ልነግርሽ አልቻልኩም፤ እንዳትቀየሚኝ።”

ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ስልኩን ዘግቼ ወደ ማድቤት ገባሁና እሳቸው አሠልጥነው ለተዉልን ለሁለቱ ሴቶች ነገርኳቸው። አንደኛዋ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀምጣ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሌላዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የምሳ ሰዓት እየደረሰ ስለነበር ብዙም ሳንቆይ ወደየሥራችን ተመለስን። እትዬ ዲንቂቱ ቢኖሩም ከዚህ ሌላ ነገር አያዙንም ነበር።

እትዬ ዲንቂቱ በእናቴ ቤት ሃያ ዓመት ያህል ወጥ የሠሩ ሴት ናቸው። ሆቴል እንለዋለን እንጂ መቱ መናኸሪያ አጠገብ ያለ፣ ከፊቱ ምግብ ቤት ከኋላው ጥቂት አልጋ ያለው ቤት ነው። እናቴ በወጣትነቷ ከወልቂጤ አካባቢ ከአባቴ ጋር መጥታ እዚሁ የቀረች ናት። አባቴ ሲሞትባት ቤቱን ይዛ የቀጠለችው በእትዬ ዲንቂቱ ጉልበት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እናቴ ከፊት እንግዳ ትቀበላለች፤ እሳቸው ከኋላ ያበስላሉ። እኔ ያደግሁት በሁለቱ መካከል ስመላለስ ነው።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ዓይናቸው ሁልጊዜ ቀልቶ እንባ ያቀርራል። ልጅ ሆኜ ሁልጊዜ የሚያዝኑ ይመስለኝ ነበር፤ ጭሱ መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ሲቆጡ ግን ወደ ኦሮምኛ ይሄዳሉ፣ ሲያባብሉም እንደዚያው። እኔን “ኢንታላ ኮ” ነበር የሚሉኝ፣ ልጄ ለማለት። ነገር ሲጠየቁ ወዲያው አይመልሱም። ደረቅም ይሁን እርጥብ መጀመሪያ እጃቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ነው አፋቸውን የሚከፍቱት። ስለማያውቁት ነገር አስተያየት ይስጡ ቢባሉ መልሳቸው አንድ ነበር። “ቆይ እስቲ ልየው” ይሉና ተነሥተው ሄደው ያዩታል። የተባለው ነገር ከመንደር ማዶ ቢሆን እንኳ ይሄዳሉ።

አንድ ክረምት ሳል ያዛቸው። እንደ ሌላ ጊዜው በሳምንት ሁለት ሳምንት የሚለቅ አልሆነም። እናቴ ገፋፍታ ነርስ ዘንድ ላከቻቸው። ሲመለሱ እየሳቁ ነበር።

“ከጭስ ራቂ ትለኛለች” አሉ። “ከጭስ ርቄ ወጡን በምን ልሥራው?”

እናቴ አልሳቀችም። ያን ሳምንት ማድቤቱ እንዲፈርስ ወሰነች። ያ ማድቤት ከጣሪያው እስከ ግድግዳው የከሰለ፣ አንድ ትንሽ መስኮት ብቻ ያለው ነበር፤ ዝናብ ሲሆን ማገዶው ስለሚረጥብ ጭሱ እስከ አልጋ ክፍሎቹ ይዘልቃል። አዲስ እንሥራ፣ ማገዶውን እንተውና የዘመኑ ምድጃ እናስገባ አለች። ይህን የምጽፈው ነገሩ ሁሉ ለምን እንደተጀመረ እንዲታወቅ ነው። የተጀመረው ለእትዬ ዲንቂቱ ደረት ሲባል ነበር። እኔ ግን መሐል ላይ ረሳሁት።

ያኔ ከጅማ የሆቴል ሥራ ተምሬ የተመለስኩበት ጊዜ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ከተማው እንግዳ የበዛበት፣ ባጃጁ መንገዱን ያጨናነቀበት ሰሞን ስለነበር ጭንቅላቴ በሐሳብ ተሞልቷል። ስልኬ ላይ የኩሽና ፎቶ ብቻ ነበር ያለው፦ ነጭ ግድግዳ፣ የሚያብለጨልጭ ብረት፣ ላዩ ጥቁር መስተዋት የሆነ ባለ ኦቨን የኤሌክትሪክ ምድጃ። እናቴ “የምድጃውን ምርጫ ለአንቺ ሰጥቼሻለሁ” ስትለኝ ምሽቱን ሁሉ ለእትዬ ዲንቂቱ ፎቶ ሳሳያቸው ቆየሁ። እያንዳንዱን በጥንቃቄ አዩት።

“ያምራል” አሉ በመጨረሻ። “ድስቱስ የታለ?”

“የምን ድስት?”

“አንዱም ፎቶ ላይ ድስት አልተጣደም። እኛ ደግሞ ድስት ነው የምንጥደው።”

ሳቅሁ። የሳቅሁት ቀልድ መስሎኝ ነው።

ሌላም ያሰብኩት ነገር ነበረ። አዲስ ማድቤት ከሠራን አይቀር የተማረ ሼፍ እንቀጥራለን ብዬ ነበር። ለእናቴ ስነግራት “ዲንቂቱስ?” አለችኝ። “እሳቸው ደክሟቸዋል፤ ሽንኩርትና ጎመን እያስከተፉ ይቀመጡ” አልኳት። እናቴ እሺም እንቢም አላለችም። ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ዕቃውን ልመርጥ ስነሣ ግን “ዲንቂቱን ይዘሻት ሂጂ” አለች። ለመከራከር ሞከርኩ፤ አልሰማችኝም።

ንጋት ላይ መናኸሪያ ስደርስ እትዬ ዲንቂቱ ቀድመውኝ ቆመዋል። ንጹሕ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። አጠገባቸው በአንሶላ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር አለ። ገለጥ አድርጌ ሳየው የሥጋ ወጥ የምንሠራበት ሰታቴ ነው፤ ሲሞላ ሁለት ሰው የሚሸከመው ትልቁ ድስት።

“ይሄ ምን ሊያደርግልን ነው?” አልኳቸው።

“ምድጃው ላይ ይቀመጥ አይቀመጥ ሳናይ እንዴት እንገዛለን?”

የአውቶቡሱ ረዳት ሰታቴውን ጣሪያ ላይ ሊጭነው ፈለገ። እንቢ አሉ። “ከላይ ሲወረወር ቂጡ ይጎረብጣል። ከጎረበጠ ልክ አይመጣም።” ረዳቱ ብዙ ከተከራከረ በኋላ ተሸነፈ። በደሌንም ጅማንም ያለፍነው ሰታቴው በእሳቸው እግርና በእኔ እግር መካከል ተቀምጦ ነው። አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ ሻንጣቸውን ውስጡ እንዲያስቀምጡ ተፈቀደላቸው፤ ከእሳቸው ኋላ ያለውም ሰው ሙዙን ጨመረ። ሁሉም እትዬ ዲንቂቱን ሲያመሰግን እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አይ ነበር።

አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አድረን በማግስቱ ወደ ሱቆቹ ሄድን። ያን ቀን አሥር እርምጃ ያህል እየቀደምኳቸው ነበር የምሄደው። የቸኮልኩ እመስላለሁ፤ እውነቱ ግን አብረን የመጣን እንዳንመስል ነው። እሳቸው ሰታቴውን አንዳንዴ ጭንቅላታቸው ላይ፣ አንዳንዴ በወገባቸው ደግፈው ይከተሉኛል። መቱ ላይ ማንም ዞሮ አያይም ነበር፤ እዚያ ግን ሁሉም ያያል።

የመጀመሪያው ሱቅ ስልኬ ላይ ካለው ፎቶ የወጣ ይመስል ነበር። ሻጩ ትሑት ወጣት ነው። ባለ መስተዋቱን የኤሌክትሪክ ምድጃ አሳየን፤ በጣት ሲነካ ይበራል፣ ኦቨኑ በራሱ ሰዓት ይጠፋል። ልቤ እዚያው ቀረ።

እትዬ ዲንቂቱ እጃቸውን ጠረጉ። “ሰታቴውን ላስቀምጥበት?”

ሻጩ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። እሳቸው አንሶላውን ፈቱና ሰታቴውን ቀስ አድርገው ላዩ ላይ አሳረፉት። ሁለቱን የእሳት ቦታ ሸፍኖ ግማሹ ወደ ውጭ ተረፈ። አፉ ደረታቸው ድረስ መጣ። እትዬ ዲንቂቱ ማማሰያ የያዙ ያህል እጃቸውን ከፍ አድርገው ማማሰል ጀመሩ። ክርናቸው ከትከሻቸው በላይ ሆነ።

“እንዲህ ሆኜ እስከ ምሳ?” አሉ፣ ለሻጩ ሳይሆን ለራሳቸው።

ከዚያ የኦቨኑን በር ከፈቱና በመዳፋቸው ተጫኑት። “ትኩስ ትሪ ሲያርፍበት ይችላል?” ሻጩ ይችላል አለ። “መብራት ሲሄድስ?”

“ጀነሬተር የላችሁም፣ እማማ?”

“አለን። እሱ አምፖል ነው የሚያበራው።” የኦቨኑን በር መልሰው ዘጉ። “መቱ ላይ ቢበላሽ የሚሠራው ማን ነው?”

ሻጩ በሐቅ፣ “እዚህ ማምጣት ይኖርባችኋል” አለ።

እትዬ ዲንቂቱ አመስግነውት ሰታቴውን ጠቀለሉ። እኔን ሳይጠይቁ ከሱቁ ወጥተው ሁለት ሱቅ አልፈው ገቡ። ሁለተኛው ሱቅ መጋዘን ይመስላል፤ ባለቤቱ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ሰው ነው። ጥግ ላይ አንድ ጥቁር የጋዝ ምድጃ ቆሟል። በአንድ ጎኑ ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል፣ ወፍራም ብረት የተዘረጋበት ሰፊ የእሳት ቦታ አለው፤ በሌላው ጎን ሁለት ትንንሽ እሳት፣ ከሥሩ ኦቨን። ቀለም የለው፣ መስተዋት የለው፣ ጋራዥ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ነው የሚመስለው። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። ሰታቴውን አስቀመጡት፤ ልክ ሆነ። ቆመው ሲያማስሉ ክርናቸው ጎናቸው ላይ አረፈ። ተንበርክከው ከታች አዩት፣ ብረቱን አንሥተው ክብደቱን መዘኑት፣ የጋዙን ቁልፍ ደጋግመው ከፍተው ዘጉት።

“ሰኒ፣ ይሄ ነው” አሉኝ።

“እትዬ ዲንቂቱ፣ ጋዝ እኮ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ሲያልቅስ?”

“ሲሊንደር ደርደር አድርገን እናስቀምጣለን። ደግሞ ጋዝ ሊያልቅ ሲል እሳቱ ይነግርሻል። መብራት ግን ሳይነግርሽ ነው የሚሄደው።”

 መልስ ሳጣ ተናደድኩ። ባለሱቁ ፊት፣ ሁለት ሌሎች ገዢዎችም እየሰሙ፣ እንዲህ አልኳቸው፦ “እትዬ ዲንቂቱ፣ ይሄ እርስዎን የሚመለከት ነገር አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚሠራበት ሌላ ሰው ነው። ሼፍ ልንቀጥር ነው።”

ባለሱቁ መነጽሩን አውልቆ ማጽዳት ጀመረ። እትዬ ዲንቂቱ እጃቸውን ጠረጉ፤ ያን ቀን ሽርጥ ስላልነበራቸው ቀሚሳቸው ላይ። “እሺ” አሉ። ሰታቴውን ጠቅልለው ተከተሉኝ።

ባለ መስተዋቱን ገዛሁት።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እስከ ጅማ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ግን አልተኮሳተሩም። የያዙትን ቆሎ ለእኔም ይዘግኑልኛል። ጅማን ካለፍን በኋላ ዞር አሉና፣ “ሰኒ፣ የሚመጣው ሰው ቁመቱ ምን ያህል ነው?” አሉኝ።

“ምን?”

“ሼፉ። አጭር ከሆነ ያ ምድጃ ይከብደዋል። ግንበኛው ሥሩን መርገጫ እንዲሠራለት ከአሁኑ ብንነግረው ይሻላል።”

ለማሽሟጠጥ ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁ። አልነበረም። ስለማያውቁት ሰው ክርን እያሰቡ ነበር። አላውቅም አልኳቸው። እሳቸውም “ሲመጣ እንለካዋለን” ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ማድቤቱ ተሠርቶ አለቀ፤ ነጭ፣ ሰፊ፣ በሁለት ጎን መስኮት ያለው። ሼፉ ቢኒያም የሚባል፣ ሥራውን የሚወድ ጨዋ ልጅ ነበር። እናቴ እትዬ ዲንቂቱን ከሥራ ማውጣት አልሆነላትም፤ ጓሮ በቆርቆሮ ጥግ ሠርታላቸው የዕለቱን ወጥ እዚያ በማገዶ ይሠሩ ጀመር። ለጊዜው ነው ተባለ። ክረምት ነበረ፤ ማገዶው እርጥብ፣ ጥጉ ጠባብ። ከቀድሞው የባሰ ጭስ ውስጥ ነበሩ። ይህን በየቀኑ እያየሁ አላየሁትም።

አዲሱ ምድጃ መብራት ሲኖር ጥሩ ነበር። መብራት ግን ይሄዳል፤ ሲኖርም ይዋዥቃል፤ ቢኒያም አንድ ድስት ለማፍላት ግማሽ ቀን የሚቆምበት ጊዜ ነበር። ያም ሆኖ ለሥልጠና የመጡ መቶ ያህል ሰዎች ምሳ ሲያዙን እሺ ብዬ ተቀበልኩ። የዚያን ቀን ጠዋት መብራት የለም። ጀነሬተሩን ከምድጃው ጋር ስናገናኘው ጥቂት አጓርቶ ጠፋ። አራት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ቢኒያም ቸኩሎ ከእናቴ ዕቃ ቤት ሰታቴውን አስመጣና ሞልቶ ምድጃው ላይ አሳረፈው። መስተዋቱ አንዴ ጠሽ አለና ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ።

ቢኒያም እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ስንጥቁን ካየ በኋላ፣ “ይሄ ለአራት ቤተሰብ የሚሆን ምድጃ ነው” አለኝ። “ስመጣ ጀምሮ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።”

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ልለምናቸው ነበር። እትዬ ዲንቂቱ ከሌሊቱ መብራት አለመኖሩን አይተው ሦስት ጉልቻ ላይ እሳት አንድደው፣ በሌላ ድስት ለመቶ ሰው የሚሆን ቁሌት ጀምረዋል። ማንም አላዘዛቸውም። ጭሱ ጥጉን ሞልቶት ፊታቸው በደንብ አይታይም። ሳል ሲይዛቸው ማማሰያውን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው እጅ የቆርቆሮውን ቋሚ ጨብጠው ጎንበስ ይላሉ፤ ሲለቃቸው ቀና ብለው ያማስላሉ። እዚያ ቆሜ ይህን ሦስት ጊዜ አየሁ። ማድቤቱን ለምን እንዳፈረስነው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

“እትዬ ዲንቂቱ” አልኩ። 

“ቆይ፣ ሽንኩርቱ ያርራል” አሉ። ከዚያ እኔን ሳያዩ፣ “ቆመሽ ከምታይኝ ጎመኑን አምጪልኝ” አሉኝ።

ምሳው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ቀረበ። እንግዶቹ በልተው ሄዱ። እትዬ ዲንቂቱ ግን በማግስቱ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። ሆስፒታል አንድ ሳምንት ተኙ። ከዚያ ሲወጡ ሐኪሙ ለእናቴ የነገራት ነርሷ መጀመሪያ የነገረቻቸውን ነው፤ ጭስ ሁለተኛ እንዳያዩ።

የጋዙን ምድጃ ልገዛ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ስል አብረውኝ ሊሄዱ አልቻሉም። ተኝተው የነበሩበት ክፍል ልሰናበታቸው ስገባ ከትራሳቸው ሥር የተጠቀለለ ሲባጎ አወጡ። አራት ቦታ ተቋጥሯል። “ይሄ የሰታቴው ወርድ፣ ይሄ የእኔ ክርን፣ ይሄ የማድቤቱ በር፣ ይሄ ደግሞ የአበበች ክርን” አሉኝ። አበበች ከእሳቸው ጋር ሽንኩርት የምትከትፈው ሴት ናት። “እኔ እስክድን የምትሠራው እሷ ስለሆነች።”

ሰታቴውን ይዤ ሄድኩ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ሲለኝ ይጎረብጣል ብዬ ተከራከርኩ። መንገድ ላይ ስሸከመው ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ብዙ ጊዜ አቁሜ አርፌያለሁ። መጋዘን የመሰለው ሱቅ ስገባ ባለ መነጽሩ ሰው እኔን ሳይሆን ሰታቴውን ነው ያወቀው።

“እናትየውስ?” አለኝ።

“ታመዋል።”

ሲባጎውን ሳሳየው ተቀብሎኝ ራሱ ለካ፤ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ። ምድጃው የበሩን ወርድ በሁለት ጣት ያልፍ ስለነበር እግሩን ፈትቶ አስጫነልኝ። ሲሸኘኝ፣ “ሲሻላቸው ይምጡና ሌላውንም ዕቃዬን ይዩልኝ በያቸው” አለ።

እትዬ ዲንቂቱ ተመልሰው ሥራ የጀመሩበትን ቀን ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ። ቢኒያም አልሄደም ነበር፤ እንዲያውም ሰታቴውን ያስቀመጠላቸው እሱ ነው። ቁልፉን ከፍተው ክብሪት ለኮሱ። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ዙሪያውን ያዘ። እጃቸውን ከላዩ ዘርግተው ቆዩ፤ ከዚያ ወደ ጣሪያው አዩ፤ ጭሱ የት እንደሚሄድ ፈልገው ይመስለኛል። የሚሄድ ጭስ አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጡ፣ “ሰኒ፣ ይሄ ግድግዳ ነጭ ነበር እንዴ?” አሉኝ። የዓይናቸው እንባ ደርቆ ጥርት አድርገው ማየት ጀምረው ነበር።

ከቢኒያም ጋር እንደሚጣሉ ሁሉም ጠብቆ ነበር፤ አልተጣሉም። እሱ ኦቨኑን አስተማራቸው፤ እሳቸው ቁሌቱን። ከዓመት በኋላ ትልቅ ሆቴል አግኝቶ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ተሰናበታቸው።

ያ ምድጃ በከተማው መወራት ጀመረ። ቤት የሚያድስ ሁሉ ይመጣና “እትዬ ዲንቂቱ፣ ምን ልግዛ?” ይላቸዋል። እሳቸው “ቆይ እስቲ ልየው” ብለው እሑድ እሑድ በባጃጅ ይሄዱ ነበር። ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚሉት “ድስትሽን አሳዪኝ” ነው። አንዲት ሙሽራ ትልቅ ኦቨን ልትገዛ ስታማክራቸው እኔም ነበርኩ።

“ዳቦ ትጋግሪያለሽ?” አሏት።

“አልጋግርም፤ ግን ኩሽናው ላይ ያምራል።”

“እንዲያምር ከሆነ ቁም ሳጥን ግዢ፤ ቢያንስ ልብስ ይይዝልሻል።” ሙሽራዋ ስትስቅ ባሏ እፎይ ሲል አየሁት።

ሌላ ጊዜ አንድ የቡና ነጋዴ ከያዮ መኪና ልኮ አስወሰዳቸው። አዲስ ቤት ሠርቶ ባለ ስድስት እሳት የጋዝ ምድጃ አስገብቷል፤ እሳቸው አይተው እንዲያደንቁለት ነው የፈለገው። ማድቤቱ መስኮት አልነበረውም። ሚስቱ ክብሪት ልትለኩስ ስትል እጇን ያዟት።

“መጀመሪያ ግድግዳው ይፍረስ” አሉ።

ነጋዴው፣ ቀለሙ ገና ትናንት ነው የደረቀው ብሎ ሊከራከር ሞከረ። እትዬ ዲንቂቱ በኦሮምኛ ረጅም ነገር ተናገሩት፤ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ግንበኛ ተጠርቶ መዶሻ እስኪመጣ ድረስ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀመጡና ማንም እንዳይገባ ከለከሉ። ግድግዳው ተበስቶ ብርሃን ሲገባ ነው የተነሡት። ሲመለሱ ሰውየው አንድ ገንቦ የጫካ ማር ሰጥቷቸው ነበር። ማሩን ለሁላችንም አካፈሉን።

በአዲሱ ማድቤት ስድስት ዓመት ሠሩ። ደረታቸው ግን ሙሉ በሙሉ አልዳነም። የድሮው ጭስ ነው ወይስ ያ የቆርቆሮው ጥግ ክረምት ነው፣ ሐኪም ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱን ፈርቼ። በመጨረሻ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ልጃቸው ላሊሴ መጥታ ወደ ኡካ ወሰደቻቸው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከማረፋቸው ሦስት ወር በፊት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ደጃፍ ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ንጹሕ ነበር። ስለ ማድቤቱ፣ ስለ እናቴ ጉልበት ሕመም፣ የጋዙ ጎማ ተቀይሮ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። ላሊሴ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ብቻችንን ቀረን። ለዓመታት ስሸሸው የነበረውን ነገር ያኔ አወጣሁት።

“እትዬ ዲንቂቱ፣ ያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ፊት የተናገርኩዎት ነገር…”

እጃቸውን በብርድ ልብሱ ጠረጉ። ረስቼዋለሁ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

“አስታውሳለሁ” አሉ። “ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም።”

ያን ቆሎ ሲዘግኑልኝ እሳቸው ይብሉ አይብሉ አላየሁም ነበር። “ለምን አልነገሩኝም?”

“ብነግርሽ ታለቅሺ ነበር። አንቺ ስታለቅሺ ነገር አይታይሽም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ። የሚሆነንን ምድጃ ደግሞ ገና አልመረጥንም ነበር።”

 እትዬ ዲንቂቱ ብርድ ልብሱን ከትከሻቸው ላይ ገፍተው አጠገባቸው ያለውን መደብ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ተቀመጥኩ።

“አሁን አልቅሺ፣ ኢንታላ ኮ” አሉኝ። “አሁን የሚመረጥ ነገር የለም።”